በሰው እጅ አይበቅልም የተባለው ሐረግ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

እምዬ ወለተሩፋኤል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ዳገቱን አስችሎሻል? በጎቹና ያቺ ነገረኛዋ ፍየል ደህና ናቸው? እኔ በልቼ አድራለሁ፤ ትምህርቴም ሸጋ ነው።

ወንድምሽ አያ ቢያዝን ከኋላዬ ቆመው «ለታላቅ ሰው ‹እርስዎ› ተብሎ ነው የሚጻፍ፤ አንቺ ስድ!» ይሉኛል። ሞከርኩት። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር ለወረዳው ገዥ አቤቱታ የማቀርብ እንጂ አያቴን ሰላም የምል አልመስል አለኝና ቀደድኩት። ስለዚህ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ይህን ሲያነቡልሽ «አንቺ» የሚለው ላይ ደርሰው ጉሮሯቸውን ቢጠራርጉ ጉንፋን ይዟቸው አይደለም፤ የእኔ ጥፋት ነው።

ሾፌር የሻው ያደረሰልኝን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ ገብቶኛል፤ እንደገና እንዲጻፍልኝ አያስፈልግም። አያ አድማሴ በክረምቱ የወሰኑን ሐረግ ነቅለው፣ ሞፈራቸውን ወደ ወንዝ ዳሩ እርሻሽ አስገብተው ሲያበቁ በሽማግሌ ፊት ቆመው «አዞ ሐረግ ወፍ የዘራው ነው፤ በሰው እጅ ተተክሎ በቅሎ አያውቅም። እግዜር ያበቀለው አረም እንዴት የሰው ወሰን ይሆናል?» አሉ። ሽማግሌዎቹም ጢማቸውን እየጎተቱ «እውነትም፣ አዞ ሐረግ ሲተከል ያየ ማን ነው?» አሉ። አምስት ሽማግሌ! ዕድሜያቸው ቢደመር ሦስት መቶ ዓመት ያልፋል፤ ከመካከላቸው አንድ እንጨት መሬት ላይ ሰክቶ የሞከረ የለም።

አንቺ ግን እናቴ በተወለደች ዓመት በገዛ እጅሽ ተክለሽዋል። ክፋቱ ምስክርሽ አያቴ ብቻ መሆኑ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመቃብር ጠርቶ የሚያስመሰክር ዳኛ የለም።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የሰጡሽን ቀን ቆጥሬዋለሁ። እስከ አስተርዮ ማርያም ማግስት በሰው እጅ የጸደቀ አዞ ሐረግ ካሳየሽ ወሰኑ ባለበት ይቆማል፤ ካላሳየሽ እርሻው እስከ ወንዙ የአያ አድማሴ ነው። ያ እርሻ ሄደ ማለት የዓመት ገብስሽ ሄደ ማለት ነው። መሪጌታ ይህን በደብዳቤው ባይጽፉትም እኔ ከዚያው ገብስ በልቼ ነው ያደግሁት።

ዳባት ላይ አሁን ብትተክይ ውርጭ ያነደዋል። ጎንደር ሞቅ ይላል። እኔ አበቅለዋለሁ። ከተነቀለው ጉቶ ያቆጠቆጠውን ቆርጠሽ ላኪልኝ፤ ከዚህ ከቁስቋም አጥር ብቆርጥ አያ አድማሴ «ያማ የከተማ ሐረግ ነው፣ የከተማ ነገር መቼ ያፍራል» ማለታቸው አይቀርም።

እንዴት እንደማበቅለው አላውቅም። ማበቅሌን ግን አውቃለሁ።

የልጅሽ ልጅ አገኘሁሽ


ዳባት
ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ልጄ አገኘሁሽ፣

የምናገረው እኔ አያትሽ ነኝ፤ የሚጽፉት መሪጌታ ሐብተ ማርያም ናቸው። ደህና ነኝ። ፍየሏም ደህና ናት፤ ከመሪጌታ ጋር ብቻ ተጣልታለች። (እሷ ናት የጀመረችው። መሪጌታ።)

ዐሥራ ሁለት እንጨት ልኬልሻለሁ። የተቆረጠ ነገር ሁሉ ቁስል ነውና ጫፍ ጫፋቸውን ለጋ ቅቤ ቀብቻቸዋለሁ። መንገድ ላይ ብርድ እንዳይመታቸው የሻው በጆንያ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር አኑሯቸዋል። ድሮ እንዴት እንደተከልኩት መጠየቅሽ አይቀርም። ልጄ፣ ሰካሁት፤ ክረምት ነበር፤ በቀለ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ያን ጊዜ የሚጠይቀኝ ዳኛ አልነበረም።

አድማሴ ትናንት በአጥሬ በኩል ሲያልፍ ቆሞ «ወለተሩፋኤል፣ እንጨት በደብዳቤ ይበቅላል?» አለኝ። «ያንተ ሐሰት በአፍ ከበቀለ የእኔ እንጨት በደብዳቤ ምን ያቅተዋል?» አልኩት። (ይህን እንዳልጽፍ ታዝዤ ነበር። ሸጋ ሆኖ ስላገኘሁት ጻፍኩት። መሪጌታ።)

አያትሽ ወለተሩፋኤል


ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር ፪ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

እምዬ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለፍየሏ፤ መሪጌታም ይታረቋት።

ዐሥራ ሁለቱም ሞቱ። አትደንግጪ፤ እኔ ደንግጬ ጨርሻለሁ።

ከምን የተነሣ ትዪኛለሽ፤ ከቅቤው ነው። እንጨት ሥር እስኪያወጣ ውሃ የሚጠጣው በቁስሉ በኩል ነው፤ አንቺ አፉን በቅቤ ለጉመሽ ነው የሰደድሽው። የሻው የጠቀለለበት ጆንያ ደግሞ ከመቀሌ አሞሌ ሲያመላለስበት የኖረ ነው። እንግዲህ ቅቤ ተቀብተው፣ ጨው ተነስንሶባቸው፣ ከሞተሩ አጠገብ ሁለት ቀን ሞቀው ደረሱ። አያ ቢያዝን ጆንያው ሲፈታ «ሽታው ግን መልካም ነው» አሉ። የጠፋው በርበሬው ብቻ ነበር።

አሁን ግን የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ። ሚስተር ቶማስ የሚባሉ፣ ከህንድ አገር የመጡ የሳይንስ አስተማሪያችን በረንዳቸው ላይ አበባ በጣሳ ያበቅላሉ። የእሳቸው አማርኛ «ና»፣ «ሂድ» እና «ስንት ነው» ብቻ ነው፤ የእኔም እንግሊዝኛ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ግን ቢላዋና ቅርንጫፍ ይዘን በረንዳው ላይ ቁጭ ስንል ተግባባን። እኔ ሦስት እንጨት አበላሸሁ፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ «ና» አሉኝ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። የዘንድሮውን ቅርንጫፍ ምረጪ። ጫፉ ላይ ያለው ለስላሳው አይሆንም፤ ከጉቶው አጠገብ ያለው ደረቁም አይሆንም፤ መካከለኛው፣ ሲያጥፉት መጀመሪያ የሚጎብጠው፣ ከዚያ ቀጭ የሚለው ነው። በተሳለ ቢላዋ ከአንጓው በላይ ጠጋ ብለሽ ቁረጪ፤ ከአንጓው በታች ደግሞ አንድ ጣት ያህል ተዪለት። ለአንድ እንጨት አንድ አንጓ ይበቃል። ከሁለቱ ቅጠሎቹ አንዱን ቁረጪ፤ ሥር የሌለው ፍጡር ሁለት ቅጠል መቀለብ አይችልም። በርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በኮባ ቅጠል ጠቅልይው። ራሱንና እግሩን እንዳላምታታ እግሩ ላይ ክር እሰሪ። የሻው ጆንያ አምጥቶ ልጠቅልል ቢልሽ ፍየሏን ልቀቂበት።

እጅሽን ግን ጠብቂ። ፈሳሹ ያቃጥላል፤ የእኔ ጣቶች ውሃ ቋጥረዋል። የጻፍኩት የተጣመመው ለዚያ ነው እንጂ ትምህርት ቤት አልዘለልኩም።

ዘጠኝም ቢሆን ዐሥርም ቢሆን ላኪ። ቅቤውን ብዪው።

አገኘሁሽ


ጎንደር፣ ቁስቋም
ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

እምዬ፣

እንደምን አለሽልኝ? በጎቹ እንደምን አሉ? መሪጌታ እንደምን አሉ? የመሪጌታ በቅሎ እንደምን አለች? የጎረቤትሽ ውሻ፣ ያ አንድ ዓይናው፣ እሱስ እንደምን አለ? በሩቁ ያለውን ዘመድ ሁሉ ሰላም በይልኝ፤ በቅርቡ ያለውንም እንዲሁ።

ዘጠኙ እንጨቶች በደህና ደርሰዋል። እንዴት እንደሆኑ ጠይቀሽኛል። መጀመሪያ ግን የአያ ቢያዝንን ጉልበት ልንገርሽ።

ጉልበታቸውን ሲቆረጥማቸው ከርሟል። አዞ ሐረግ መድኃኒት መሆኑን ከማን እንደሰሙ አላውቅም፤ ከቁስቋም አጥር አንድ እፍኝ ቅጠል ቆርጠው፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ነው የሚቀጠፈው ብለው አፋቸውን ገጥመው መጥተው፣ ወቅጠው ጉልበታቸው ላይ አሰሩት። «አያ፣ ያቃጥላል እኮ» አልኳቸው። አይናገሩ ነገር፣ ገና ቃል አልፈቱም፤ በእጃቸው ዝም በዪ አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ጉልበታቸው የእንቁላል ያህል ውሃ ቋጠረ። ያን ጊዜ ተናገሩ። የተናገሩትን መሪጌታ እንዲያነቡት አልፈልግም። አሁን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት አንድ እግራቸውን እንደ መቋሚያ ቀጥ አድርገው ነው፤ ቁርጥማቱ ግን ጠፍቷል ይላሉ። እንዴት አይጠፋ፣ ፈርቶ ነዋ!

ስለ እንጨቶቹ፤ እዚህ አየሩ ሸጋ ነው። ትናንት ደመና ነበር። ወረቀቱ አለቀብኝ።

አገኘሁሽ


ዳባት
ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ልጄ፣

ወረቀቱ አለቀ ያልሽበት ገጽ ግማሹ ባዶ መሆኑን መሪጌታ አሳዩኝ። ለአንድ ዓይና ውሻ ሰላምታ የላከ ሰው አንድ ነገር ሞቶበታል። ዘጠኙም ሞተዋል ማለት ነው። ምነው ብትነግሪኝ? እኔ ስንት መርዶ የተቀበልኩ ሴት ነኝ፤ ለእንጨት አልወድቅም።

እኔም የደበቅኩሽ አለ። አድማሴ ከተቀማው እርሻዬ ላይ ገብስ ዘርቷል፤ በቅሏል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ገለባ አቃጥላለሁ ብሎ እሳት «አመለጠው»። እሳቱ ሲያመልጥ ሌላውን ሁሉ ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሐረጉ ጉቶ ነው ያመለጠው። ጉቶው ነዷል። በወንዙ በኩል ያጋደለ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ተርፎ ነበር፤ ከሱ አምስት እንጨት ቆርጬ ልኬልሻለሁ። እንዳልሽው አንድ አንጓ፣ አንድ ቅጠል፣ ርጥብ ጨርቅ፣ ኮባ። ከእንግዲህ ወዲያ የለም።

ስቆርጥ አድማሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ ነበር። «ከጫካ ችግኝ ነቅላችሁ ይኸው ጸደቀ እንዳትሉኝ» ብሎ በየእንጨቱ እግር ላይ ጥቁር ክር በራሱ እጅ ቋጠረ። ድሮ አጋሰስ ሲነዳ የለመደው የጭነት ቋጠሮ ነው፤ በዚህ አገር ከሱ በቀር የሚቋጥረው የለም።

ካልሆነልሽ አታልቅሺ። ወደ ቤትሽ ነይ፤ የቀረውን እንበላለን።

(የቀረው ብዙ አይደለም። መሪጌታ።)

አያትሽ ወለተሩፋኤል


ጎንደር፣ ቁስቋም
ታኅሣሥ ፯ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

እምዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። አልዋሸሁሽም፤ ግን ዙሪያውን ዞርኩ፤ እሱም ያው ነው።

ዘጠኙ እንዲህ ሞቱ። በዘጠኝ ጣሳ፣ በአሸዋና በአፈር ተክያቸው ቅጠላቸው እንኳ አልጠወለገም ነበር። አያ ቢያዝን ግን በየማለዳው ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ጠብቀው፣ አንድ በአንድ እየነቀሉ «ሥር አውጥተሃል? አላወጣህም?» ብለው መርምረው መልሰው ይሰኳቸው ኖሯል። የደረስኩበት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ያን ቀን አንዷ እግሯ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል ነጭ ነገር ጎርብጧት አገኟት። ሥር ልታወጣ ነበር፣ እምዬ! እሳቸው «ቁስል ይዟታል» ብለው በጥፍራቸው ፋቁላት። እግሯን አጽድተው፣ ደስ ብሏቸው አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በተራ ጠቆሩ።

አልጮህኩባቸውም። ከቤታቸው እየበላሁ እንዴት እጮሃለሁ? ለእህታቸው አዝነው ነው። ግን የሚያዝን ሰው እጅ ከጠላት እጅ ይከፋል።

አሁን የመጨረሻዎቹ አምስት በእጄ ናቸው፤ እንዲህ አድርጌያቸዋለሁ። ከቤት አውጥቼ ከቁስቋም በታች፣ እቴጌይቱ ካሠሩት ፍራሽ ግንብ አንድ መስኮት ላይ ደብቄያቸዋለሁ። ፀሐይ በጠዋት ብቻ ታያቸዋለች። እርጥበቱ እንዳይሸሽ ሚስተር ቶማስ በብርጭቆ እንድከድናቸው በእጃቸው አሳይተውኝ ነበር። አምስት ብርጭቆ ከየት? የአያ ቢያዝን የጠጅ ብርሌዎች አሉ። ሁለቱ ድሮውኑ ቂጣቸው የተሰበረ ነበሩ፤ ደፋኋቸው። ሦስተኛው ሳነሳው ለባልንጀሮቹ አዝኖ ተሰበረ። የአራተኛውንና የአምስተኛውን መሰበር አያ ቢያዝን ገና አላወቁም፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በእጃቸው እንዳይገባ።

ቤት ደግሞ በአሮጌዎቹ ጣሳዎች ዘጠኝ የመጥረጊያ እንጨት ተክያለሁ። አያ ቢያዝን በየማለዳው ይነቅሏቸዋል፣ ይመረምሯቸዋል፣ ይጸልዩላቸዋል። «እምነት ነው የጎደለሽ እንጂ ይኼኛውስ ምልክት አለው» አሉኝ ዛሬ።

«ቤትሽ ነይ» ያልሽውን አልሰማሁም። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በየቀኑ ውሃ እሰጣለሁ፤ ብርሌውን አንስቼ ትንፋሽ አሳያለሁ፤ እመልሳለሁ። እስከ ጥምቀት አንዱንም አልነቅልም። ልይ ልይ ሲለኝ እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ እቆማለሁ።

አገኘሁሽ


ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

እምዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰሽ። ሰላምታዬ አጭር ነው፤ የሻው ማኪናውን አስነስቶ ጡሩምባ እየነፋ ነው።

ሁለቱ ጸድቀዋል።

ሦስቱ ሞተዋል፤ አንዱን ፍየል በልቶ ሸሸ፣ ሁለቱ ጠቆሩ። የቀሩት ሁለቱ ግን ከአንጓቸው አዲስ ቅጠል አውጥተዋል፤ ቀስ ብዬ ብስባቸው ከጣሳው ጋር ይያዛሉ እንጂ አይመጡልኝም። በአንደኛው ጣሳ ቀዳዳ ነጭ ሥር ወጥቶ አይቻለሁ። መጀመሪያ ትል መስሎኝ ነበር። ሳውቀው ግንቡ ላይ ቁጭ ብዬ የምችለውን ያህል አለቀስኩ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ዘገየሁና ተገረፍኩ፤ አላመመኝም።

በመጨረሻ ለአያ ቢያዝን ነገርኳቸው። ስለ መጥረጊያዎቹም፣ ስለ ብርሌዎቹም። በሦስተኛው ቀን «ለመጥረጊያ አርባ ቀን ጸለይኩ» አሉ። «አዎ፣ አያ» አልኳቸው። «ከመጥረጊያዎቹ አንዱ እንኳ ቢበቅል ኖሮ አንቺን አያድርገኝ ነበር» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳይበርድ ጋቢያቸውን ለበሱ። ጣሳዎቹን ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። አንዱ በአንድ ጉልበታቸው፣ አንዱ በሌላው ላይ ነው። የሻው «ከኋላ ልጫናቸው» ቢላቸው በዱላቸው አሳዩት። እንዳይነቅሏቸው በቁስቋም ማርያም አስምያቸዋለሁ።

ባይቀበሉስ ትዪኝ ይሆናል። እንዲህ አድርጊ። አንዱን ሽማግሌዎቹ ይንቀሉ፤ በእጃቸው ይያዙ፤ ያገላብጡ። ወፍ የዘራው ችግኝ እግሩ ሹል ነው፤ ይኼ ግን እግሩ በቢላዋ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ነው፣ ሥሩም ከጎኑ ነው የወጣ። ይዩት። ሁለተኛውን ግን ማንም አይንካ፤ ወሰኑ ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ክረምት እስኪገባ ከቤት ውስጥ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ አይተው ካልተቀበሉ፣ ከዚያው ከሁለተኛው ቆርጬ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ዓመት አይደለም አሥር ዓመት ይፍጅ። አያ አድማሴ ሰባ ዓመታቸው ነው፤ እኔ አሥራ አምስቴ።

አገኘሁሽ


ዳባት
ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ልጄ አገኘሁሽ፣

መሪጌታ የዕለቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፈው ብለው ቀለም በጥብጠው ነበር፤ ይብቃ አልኳቸው። የሆነውን ብቻ እነግርሻለሁ።

ቢያዝን ጣሳዎቹን እንደ ታቦት ይዞ ገባ። ሽማግሌዎቹ አንዱን ነቀሉ። አፈሩን አራገፉ። ሥሩ ከእንጨቱ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ጥቁሩን ክር አቅፎታል። ለአድማሴ ሰጡት። ብዙ አየው። «ይህ ክር የማን ነው?» አሉት። ክሩን በጣቱ ዳበሰው። እንደገና ጠየቁት።

«ቋጠሮዬ ነው» አለ።

ሌላ የተባለ ነገር የለም። ወሰኑ ባለበት ይቆማል፤ በእርሻዬ ላይ የዘራውም ገብስ የእኔ ነው ተብሎ ተፈረደ። (ጥሩ ገብስ ነው። ሰውየው ሲዘራ ያውቅበታል። መሪጌታ።)

አሁን የቸገረኝን ልጠይቅሽ። አድማሴ ትናንት ደጄ መጣ። ሳይጠራ አልገባም፤ ቆብ አውልቆ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ለካ በላይኛው በኩል የሚያርሰው ጎረቤቱ እንኳየሁ የሱን ወሰን እየገፋበት ኖሯል፤ ሁለት ትልም ወስዶበታል። «ወለተሩፋኤል፣ ሐረግሽ ሲያድግ ጥቂት እንጨት ትሰጪኛለሽ? አተካከሉንም ታሳዪኛለሽ?» አለኝ። ቢያዝን ከቤት ውስጥ ሆኖ «እምቢ በዪው!» እያለ ይጮሃል። እኔ ግን ልጅቷን ሳልጠይቅ አልመልስም አልኩት።

ምን ልበለው?

አያትሽ ወለተሩፋኤል


ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት ፬ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

እምዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ የጻፍኩት መልስ አንድ ቃል ነበር፤ «እምቢ!» በትልቁ፣ ወረቀቱን ሁሉ ሞልቶ። አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። ወደ የሻው ማኪና ስሄድ መንገድ ላይ አሰብኩና ተመለስኩ።

አያ አድማሴ ሐረጉን የነቀሉት የእግዜር አረም ነው ብለው አይደል? እንግዲህ በገዛ እጃቸው ቆርጠው፣ በገዛ እጃቸው ተክለው፣ እንኳየሁን «ይህ ወሰኔ ነው፣ እኔ ተክዬዋለሁ» ካሉት፣ ያን ቃል ሁለተኛ ሊበሉት አይችሉም። የራሳቸውን ሐረግ ወሰን ነው እያሉ ያንቺን አረም ነው የሚሉበት ዳኛ የት ያገኛሉ? ካንቺ ወዲያ የወሰንሽ ጠባቂ እሳቸው ይሆናሉ። ስለ አንቺ አዝነው አይደለም፤ ስለ ራሳቸው ፈርተው ነው፤ የሚያዛልቀውም እሱ ነው።

ስለዚህ ስጫቸው። የጠየቁትን ያህል ስጫቸው። አያ ቢያዝን ይጩሁ፤ ሲደክማቸው ይተዋሉ።

ግን ቸኩለው እንዳይመጡ። ሐረጉ ገና ክንድ አልሞላም፤ ክረምት ገብቶ ወሰኑ ላይ ይቁም፣ ይጠንክር፤ መቁረጡ የሚመጣው ዓመት ነው። እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ከሚቀመጡ የመትከያውን አሸዋ ከወንዙ ይሸከሙ በያቸው። ሁለት ቁና። አንዱ ለእሳቸው ነው፤ አንዱ ለእኛ።

አገኘሁሽ